የጥንዶች ገበያ፦ የወንዶች ፍቅር ድራማዎችና ታማኝ ተመልካቾቻቸው

እ.ኤ.አ. በ2014 በታይላንድ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ላቭ ሲክ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ነገሩን የሚያስነሳው በአንዲት ታናሽ እህት ምክንያት ነው። ፑን የተባለውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አባቱ የወዳጃቸውን ልጅ እንዲቀርብ ይጫኑታል፤ እሱ ደግሞ ሌላ የሚወዳት ልጅ አለችው። አባቱን ማሳመን የምትችለው እህቱ ናት። እህቱ ግን የወንዶችን የፍቅር ታሪክ ስታነብ የምታድር ልጅ ናትና፣ ወንድሟ የወንድ ፍቅረኛ ቢኖረው ከጎኑ እንደምትቆም ያውቃል። ስለዚህ ኖ የተባለውን ተማሪ «ፍቅረኛዬ መስለህ ታይልኝ» ብሎ ይለምነዋል። የቀረው እንደሚጠበቀው ነው፤ ማስመሰሉ ሲውል ሲያድር እውነት ይሆናል።

እህቲቱ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለችም። ሆኖም ሁለት ወንዶች የሚፋቀሩበትን፣ «ቦይስ ላቭ» ወይም በአጭሩ «ቢኤል» የሚባለውን የእስያ ድራማ ዘርፍ ለማስረዳት ከእሷ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ልጆቹ ጥንድ ሆነው የሚቀርቡት እሷ እንድታያቸው ነው። የእሷ ደስታ ታሪኩን ያንቀሳቅሳል፤ ድጋፏም ዋጋ ያወጣል። ከዚያ ድራማ ወዲህ በባንኮክ የተገነባው ኢንዱስትሪ ሥራዬ ብሎ የያዘው እንዲህ ያለችውን እህት ከማኒላ እስከ ሳኦ ፓውሎ ማብዛት ነው።

የዘርፉ ታማኝ ተከታታይ ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያፈሰው ለምንድን ነው? ለታሪኩ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ለጥንዱ ነው ባይ ነኝ። ታሪኩ በአሥራ ሁለት ክፍል ያልቃል። ጥንዱ ግን ወደ ማስታወቂያ፣ ወደ መድረክ፣ ወደሚቀጥለው ድራማ ይሻገራል። የዘርፉ ሀብትም ሆነ ጭካኔው፣ ሳያስበው ከመንግሥታት ጋር ያላተመው ነገርም ቢሆን ምንጩ ይኸው ነው።

መነሻው ታይላንድ አይደለችም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በቶኪዮ ኦይዙሚ በተባለ ሰፈር አብረው ይኖሩና ይሠሩ የነበሩት ወጣት ሴት ሠዓሊያን ኬይኮ ታኬሚያና ሞቶ ሃጊዮ፣ ለልጃገረዶች በሚታተሙ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) መጽሔቶች ላይ የወንድ ልጆችን ፍቅር ይዘው ብቅ አሉ። ታኬሚያ በ1976 በተከታታይ ማውጣት የጀመሩት፣ በአንድ የፈረንሳይ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ላይ የተመሠረተ ረጅም ሥራ እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ተደርጎ ይጠቀሳል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1975 መገባደጃ፣ ኮሚኬት የተባለው በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ ሰዎች ገበያ በቶኪዮ ተከፍቶ ነበር። አንባቢዎቹም ሳይውሉ ሳያድሩ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኑ። የታወቁ የማንጋ ጀግኖችን እያጣመሩ የራሳቸውን ታሪክ ያሳትሙ፣ ይሸጡ፣ ይለዋወጡ ጀመር። የዘርፉ ጠባይ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይኸው ነው፤ በሚሠራውና በሚያነበው መካከል ያለው አጥር ዝቅ ያለ ነው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው።

ሴቶች ስለ ወንዶች ፍቅር ለማንበብ ይህን ያህል የሚጓጉት ለምን እንደሆነ ብዙ ተጽፏል። በሰፊው የሚቀርበው ማብራሪያ ይህን ይመስላል። በተለመደው የፍቅር ታሪክ ውስጥ ልጃገረዷ አንባቢ ቦታዋ አስቀድሞ ተወስኗል። የምትጠበቀው፣ የምትለመነው፣ ስሟ የሚጠፋው፣ የምታረግዘው፣ ለአማት የምትገዛው እሷ ናት። ሁለቱም ፍቅረኞች ወንዶች ሲሆኑ ግን ይህ ሸክም ከትከሻዋ ይወርዳል። ዛሬ በአንዱ ዓይን፣ ነገ በሌላው ዓይን ልታይ ትችላለች። ማብራሪያው ውሃ ይቋጥራል። ቢሆንም ምሁራኑ በጣም ሲራቀቁ ቀላሉን ነገር የሚረሱት ይመስለኛል፤ አንድ መልከ መልካም ወንድ ማየት የምትወድ ሴት ሁለት ብታይ አትጠላም። ወንዶች ለዘመናት ስለ ሴቶች ውበት ሲጽፉና ሲሥሉ ምክንያታችሁ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው ብዙ ሰው አልነበረም።

ታይላንድ የጨመረችው ሥጋ የለበሰ ሰው ነው። የማንጋ ጥንድ ከወረቀት አይወርድም፤ ተዋናይ ግን ከካሜራው ፊት ዞር ካለም በኋላ ጥንድነቱን ይዞ ሊዞር ይችላል። ይህን በደንብ ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ጂኤምኤምቲቪ የተባለው ድርጅት በ2016 ያቀረበው «ሶተስ» ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ የምህንድስና ፋኩልቲ ውስጥ፣ ነባር ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን በሚያስጨንቁበት ልማድ መካከል ነው። አርቲት የተባለው ኮስታራ ነባር ተማሪ የሚወደው መጠጥ ሮዝ ቀለም ያለው ጣፋጭ ወተት ነው። ጀማሪው ኮንግፖብ ይህን ይደርስበትና ሲያሾፍበት ይከርማል። ድራማው ከታየ በኋላ ያ ሮዝ ወተት ለአድናቂዎች የጥንዱ ምልክት ሆነ። ተዋንያኑ ክሪስትና ሲንግቶ ስማቸው ተጋጥሞ «ክሪስትሲንግቶ» እየተባለ ይጠራ ጀመር፤ አብረው በመድረክ ይወጣሉ፣ አብረው ማስታወቂያ ይሠራሉ፣ አብረው ወደ ውጭ አገር ይጓዛሉ። ከዚያ በኋላ «ኦፍጋን»፣ «ታይኒው»፣ «ኧርዝሚክስ» እየተባለ የተጋጠመ ስም የዘርፉ መደበኛ መጠሪያ ሆኗል።

ዘርፉ ከእስያ አልፎ ዓለምን ያዳረሰው በ2020 ነው። «ቱጌዘር» የተባለው ድራማ የመጀመሪያ ክፍሉ የታየው በየካቲት ሃያ አንድ ቀን ሲሆን፣ እሱ ሲቀጥል ዓለም በኮሮና ምክንያት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ታሪኩ ከ«ላቭ ሲክ» ብዙም አይርቅም። ታይን የተባለው ተማሪ ከሚያሳድደው ወንድ ለመገላገል በዩኒቨርሲቲው ስመ ጥር የሆነውን ጊታር ተጫዋች ሳራዋትን ፍቅረኛው መስሎ እንዲታይለት ይማጸነዋል። ደግሞ ማስመሰል፣ ደግሞ እውነት መሆን! በታሪክ አዲስነት አይመሰገንም። ዕድሉ ያማረው በሌላ ምክንያት ነው፤ በዩቲዩብ ላይ በነፃ፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይገኝ ነበር። ዋናዎቹ ተዋንያን ብራይትና ዊንም ተያይተው የሚሳሳቁበት መንገድ ቤት የተዘጋበትን ሰው ልብ አገኘ።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጂኤምኤምቲቪ አንድን ክፍል ዩቲዩብ ላይ ሲጭን እንደ አንድ ቪዲዮ አይጭነውም፤ ለአራት ከፍሎ አንድ አራተኛ፣ ሁለት አራተኛ እያለ ያወጣዋል። ስለዚህ ክፍሉን ለመጨረስ አራት ጊዜ መክፈት ግድ ይላል፤ ተመልካቹ አራት ጊዜ ይቆጠራል፣ ማስታወቂያውም በየመግቢያው ይጠብቃል። ለየክፍሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሃሽታግ አለ። ታማኙ አድናቂ ድራማውን እያየ ያንን ሃሽታግ በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ያጎርፋል፤ ተመሳሳይ ጽሑፍ ደጋግሞ መለጠፍ እንደማያዋጣ፣ ቃላቱን መለዋወጥ እንደሚያስፈልግ እርስ በርስ ይመካከራሉ። ሃሽታጉ በታይላንድ አንደኛ፣ በዓለም ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ሲገባ ምስሉን አንስተው ለተዋንያኑ ይልኩላቸዋል። ጥንዱ የፊት ቅባት ወይም የጥብስ ድንች ማስታወቂያ ሲሠራ ዕቃውን ገዝተው የተከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ድርጅቱ «እነዚህ ልጆች ያስገዛሉ» እንዲልና ውሉን እንዲያድስ ነው። ቪኪ በተባለው የድራማ መድረክ ላይ ደግሞ ንግግሩን ወደ ብዙ ቋንቋዎች የሚመልሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ የንግግሩን መነሻና መድረሻ ሰከንድ ይለካል፣ ሌላው ይተረጉማል፣ ሦስተኛው ያርማል። ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚከፈልበት የለም።

የአማርኛ ተመልካች ከዚህ ውስጥ የሚያውቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ የሩቅ አገር ገጸ ባሕርያት ስም በየቤቱ እንዴት እንደተለመደ፣ ድራማ በሚጀምርበት ሰዓት እንግዳ መቀበል እንኳን እንዴት ፈተና እንደሆነ የምናስታውሰው ነው። የቢኤል ድራማዎች በእኛ ጣቢያዎች ይታያሉ ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በአገሪቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ለማነጻጸር ያህል ግን ልዩነቱ ይታያል። የቱርኩ ድራማ ሲያልቅ እናዝናለን፣ ሌላ እንጀምራለን። በታይላንዱ ዘርፍ የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ዋናው ገበያ ገና መከፈቱ ነው። «የአድናቂዎች መድረክ» የሚባለው ዝግጅት ይከተላል። ውድ ትኬት የገዛ ከተዋንያኑ ጋር እጅ ለእጅ ይነካካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የተፈረመበት ፖስተር ይወስዳል፤ ርካሹን የገዛ ከሩቅ ያያል። በ2022 የታየው «ኪንፖርሽ» ከድራማው በኋላ ተዋንያኑን ይዞ በእስያ ከተሞች እየዞረ መድረክ አሳይቷል።

ነገሩ ዞሮ ወደተወለደበት አገር የተመለሰበት መንገድ ደግሞ ያስገርማል። በ2020 ጸደይና በጋ የጃፓን ሴቶች በታይላንድ ድራማዎች ተያዙ፤ የያዛቸውን ፍቅር «የታይላንድ ረግረግ» ብለው ሰየሙት፤ አንዴ የገባ የማይወጣበት ማለታቸው ነው። የጃፓን መጽሔቶች የታይላንድ ተዋንያንን በሽፋናቸው አወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ታይላንድ የጃፓንን ታሪኮች እየወሰደች በራሷ ተዋንያን መሥራት ጀመረች፤ ጃፓን በ2020 የሠራችው «ቼሪ ማጂክ» በ2023 የታይላንድ መልክ ይዞ ወጥቷል። የታይላንድ ንግድ ሚኒስቴርም ዘርፉን ወደ ውጭ ከሚላኩ ምርቶች አንዱ አድርጎ ከገዢዎች ጋር ያገናኘዋል።

አሁን ወደ ጨለማው በኩል። የሚሸጠው ጥንዱ ከሆነ፣ ተዋናዩ ከካሜራ ውጭ የሚኖረው ሕይወት የዕቃው አካል ይሆናል ማለት ነው። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ጸጉር ያስተካክላል፤ ጠያቂው «ስትለያዩ ትናፈቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አድናቂው ያቺን የሁለት ሰከንድ እይታ እየደጋገመ ይመረምራታል። አብዛኛው አድናቂ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል፤ ጨዋታው ደስ የሚለውም እየታወቀ ሲጫወቱት ነው። ጥቂቶቹ ግን ያምኑታል። ከተዋንያኑ አንዱ ሴት ጓደኛ እንዳለችው ሲታወቅ የሚነሣው ማዕበል የሚወርደው በአብዛኛው በልጅቷ ላይ ነው። የድሮ ፎቶዋ ይበረበራል፣ ቤተሰቧ ይሰደባል፣ «ጥንዱን አፈረሰች» ተብሎ ይወራባታል። በሴቶች ለሴቶች የተፈጠረ ዘርፍ በአንዲት ሴት ላይ እንዲህ ሲዘምት ማየት ይመራል። ለድርጅቶቹ ደግሞ ዝምታ ትርፍ አለው፤ ፍቅሩ እውነት ነው አይሉም፣ ውሸት ነውም አይሉም።

ሁለተኛው ቅሬታ ከታይላንድ ግብረ ሰዶማውያን ወንዶች ራሳቸው የመጣ ነው፤ «በእኛ ስም የቆመው ታሪክ ስለ እኛ አይደለም» ይላሉ። በቀደሙት ድራማዎች ውስጥ ቅሬታውን የሚያጸድቅ ብዙ ነገር አለ። ገጸ ባሕርያቱ «እኔ ወንድ አልወድም፣ የምወደው እሱን ብቻ ነው» ይላሉ። በ«ሶተስ» ውስጥ እንኳን ዝነኛው ንግግር ጀማሪው ነባሩን «ሚስቴ አደርግሃለሁ» የሚልበት ነው፤ አንዱ ባል ሌላው ሚስት ካልሆነ ፍቅር የማይቆም ይመስል። በአንዳንዶቹ ውስጥ በግድ የሚደረግ ነገር እንደ ፍቅር መግለጫ ቀርቧል። ሴታ ሴት ጠባይ ያለው ወንድ የሚመጣው ለሳቅ ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን ነጣ ያሉ፣ ረጃጅምና ሀብታም ቤተሰብ ያላቸው ናቸው። ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ገጠር የመጣ ጠይም ልጅ በዚያ ዓለም ውስጥ ፍቅረኛ ሆኖ ሲታይ ብርቅ ነው።

ይህ ግን እንዳለ አልቀረም፤ ያሻሻሉትም በዘርፉ ውስጥ ያደጉ ሰዎች ናቸው። «ባድ ባዲ» በ2021 መጨረሻ ሲጀምር ያነሣው ጎን ለጎን የሚኖሩ የሁለት ጠበኛ ቤተሰቦችን ልጆች ነበር፤ አንዱ የምህንድስና፣ ሌላው የሥነ ሕንፃ ተማሪ። ከሁለቱ ማን ባል ማን ሚስት ነው የሚለውን የቆየ ወግ አውቆ ይንቀዋል። መጨረሻው ላይም ቤተሰቦቹን አስታርቆ በዕልልታ አይዘጋም፤ ልጆቹ በፍቅራቸው ይቀጥላሉ፣ ወላጆቹም እያወቁ እንዳላወቁ ይሆናሉ። በይሉኝታ ባህል ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ እውነት የሚመስል አጨራረስ ማሰብ ያዳግታል። የድራማው አዘጋጅ ኖፕፋርናች ቻይዊሞል ራሳቸው ግብረ ሰዶማዊ መሆናቸውን በግልጽ የሚናገሩ ናቸው። በዚያው ወቅት «ኖት ሚ» የተባለው ድራማ ታየ፤ አዘጋጇ አኑቻ ቡንያዋታና ጾታዋን የቀየረች ሴት ናት። በድራማው ውስጥ ሰልፈኞች ግዙፍ የቀስተ ደመና ሰንደቅ ዘርግተው የጋብቻ እኩልነት ይጠይቃሉ። ድራማው መታየት የጀመረው በታኅሣሥ 2021 ነው፤ ከዚያ ከሳምንታት በፊት የታይላንድ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጋብቻን ለወንድና ለሴት ብቻ የፈቀደው ሕግ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወስኖ ነበር።

ከታይላንድ ወጣ ብሎ ቻይናን የተመለከተ ሰው ተመሳሳዩ ፍቅር ሌላ መንገድ ሲሄድ ያያል። እዚያ «ዳንሜ» የሚባለው የወንዶች ፍቅር የኢንተርኔት ልብ ወለድ ግዙፍ አንባቢ አለው፤ የሚጽፉትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በ2016 «አዲክትድ» የተባለው ድራማ በኢንተርኔት ተወዳጅነቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት፣ ሳያልቅ ከቻይና መድረኮች ወረደ። ሁለቱ ተዋንያንም ከዚያ በኋላ አብረው እንዳይታዩ ተደረገ። አምራቾቹ ትምህርት ወሰዱ። በ2019 ቴንሰንት የተባለው የቻይና ኩባንያ ያቀረበው ሃምሳ ክፍል ያለው «ዘ አንቴምድ» መነሻው በግልጽ የሁለት ወንዶች ፍቅር ታሪክ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ግን ፍቅር የሚለው ቃል ጠፍቶ ወዳጅነት ሆኗል። መሳም የለም፣ መናዘዝ የለም። ያለው እይታ ነው፣ ዋሽንትና በገና መሰል መሣሪያ ነው፣ ለዓመታት መጠበቅ ነው። ተመልካቹ የቀረውን ራሱ ሞላው። ያየሁት ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር፣ ተዋንያኑ ምንም ሳይናገሩ ይህን ያህል ያስነበቡበት ሥራ ሌላ አላውቅም። ሳንሱር ጥበብን ያጎለብታል ለማለት አይደለም። አድናቂዎች በተዘጋ በር ሥር የሚያልፍ ብርሃን ማንበብ ምን ያህል እንደተካኑ ለማሳየት ነው።

የዚያው ድራማ ዝና በ2020 መጀመሪያ ላይ መጥፎ ነገር አመጣ። ከዋናዎቹ ተዋንያን የአንዱ፣ የሺያው ጃን፣ አድናቂዎች በኤኦስሪ ላይ የወጣ አንድ የአድናቂ ልብ ወለድ ኮከባቸውን በሴት መልክ መሣሉ አስቆጣቸውና ለባለሥልጣናት ከሰሱ። ኤኦስሪ አድናቂዎች የጻፏቸው ታሪኮች የሚከማቹበት ግዙፍ ድረ ገጽ ነው። በየካቲት መጨረሻ ከቻይና ውስጥ መግባት ተከለከለ። ቤታቸው የተዘጋባቸው ጸሐፊዎችና አንባቢዎችም በተራቸው ተዋናዩ የሚያስተዋውቃቸውን ዕቃዎች ላለመግዛት ዘመቱ። የአንዱ አድናቂ ፍቅር የሌላውን ቤት አዘጋ። ጥንዱን የሚወዱና አንዱን ተዋናይ ብቻ የሚወዱ ወገኖች ከዚያ በፊትም እሳትና ጭድ ነበሩ፤ የመንግሥትን በር ለማንኳኳት የደፈሩት ግን ያኔ ነው።

መንግሥት ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም። በመስከረም 2021 የቻይና የሬዲዮና ቴሌቪዥን አስተዳደር «ሴታ ሴት» ያላቸው ወንዶች በስክሪን እንዳይቀርቡ አዘዘ፤ ከዳንሜ የተወሰዱ ድራማዎችም በር ተዘጋባቸው። ተቀርጸው አልቀው በመጋዘን የቀሩ አሉ። ጸሐፊዎቹ ላይ የወደቀው ቅጣት ከዚህ የከበደ ነው። ቲየንዪ በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ ሴት በ2018 በአንሁዪ ግዛት ፍርድ ቤት «ጸያፍ ጽሑፍ አሳትማ በመሸጧ» የአሥር ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈርዶባታል። በ2024 እና በ2025 ደግሞ መሠረቱን ታይዋን ባደረገው ሃይታንግ የተባለ ድረ ገጽ ላይ ይጽፉ የነበሩ በርካታ ሴቶች በአንሁዪና በጋንሱ ፖሊስ ተይዘዋል ወይም ለምርመራ ተጠርተዋል። ብዙዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

የታይላንድና የቻይና አድናቂዎች የተጋጩት በእነዚህ ሁለት ዓለማት መካከል ነው። በሚያዝያ 2020 የ«ቱጌዘር» ተዋናይ ብራይት ሆንግ ኮንግን እንደ አገር የጠቀሰ ፎቶ ትዊተር ላይ በመውደዱ የቻይና ተከታታዮቹ ተቆጡ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ግን ወደ ሴት ጓደኛው ዞረ፤ የቆዩ ጽሑፎቿ ተበርብረው ስለ ታይዋን ያለችው ተገኘ። የቻይና ብሔርተኞች የአገራቸውን የኢንተርኔት አጥር እየዘለሉ ታይላንዶችን ለመሳደብ ትዊተር ላይ ወረዱ። ድሃ መሆናቸውን፣ መንግሥታቸው ብልሹ መሆኑን፣ ንጉሣቸውን እያነሡ ሰደቧቸው። የታይላንድ ወጣቶች ምላሽ ያልተጠበቀ ነበር። መንግሥታቸው ሲሰደብ «እስቲ ደግማችሁ በሉት» እያሉ ሳቁ፤ እነሱ በገዛ አገራቸው ቢሉት የሚያሳስራቸውን ነገር ሌላ ሰው አለላቸው። የታይዋንና የሆንግ ኮንግ ወጣቶች አብረው ገቡ፤ ሦስቱም ሻይ በወተት የሚጠጡ ናቸውና ኅብረቱ «የወተት ሻይ ኅብረት» ተባለ። በባንኮክ የቻይና ኤምባሲ መግለጫ እስከማውጣት ደረሰ። ስያሜው በዚያው ዓመት ወደ ታይላንድ የዴሞክራሲ ሰልፎች፣ በ2021 ደግሞ ወደ ምያንማር ተሻገረ። አንድ የተማሪዎች ፍቅር ድራማ ባይኖር ኖሮ ይህ ኅብረት በዚያ ስምና በዚያ ወር አይወለድም ነበር።

የአድናቂዎች ልምድ ለሰልፍም ያገለግላል። በጥቅምት 2020 ሰልፈኞች እንዳይሰበሰቡ የባንኮክ ባቡር ጣቢያዎች ሲዘጉ፣ ለኮሪያ ዘፋኞች የልደት ማስታወቂያ በጣቢያዎቹ ይለጥፉ የነበሩ ወጣቶች ገንዘባቸውን ከባቡሩ አንሥተው ለባለ ሦስት እግር ታክሲዎች ሰጡ። በኮሮና ተሳፋሪ ያጡት ሾፌሮች የኮከብ ፎቶ በጀርባቸው ይዘው ዞሩ። ገንዘብ ማዋጣት፣ ሃሽታግ ማስነሣት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሺዎችን ማስተባበር፤ አንድ የቢኤል አድናቂም በየሳምንቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የታይላንድ ምክር ቤት በመጋቢት 2024 የጋብቻ እኩልነት ሕጉን በ400 ለ10 ድምፅ አሳለፈ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በሰኔ አጸደቀው፤ ሕጉ ጥር 23 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ድራማዎቹ ይህን አመጡት የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። ማጋነን ነው። ሕጉን ያመጡት ከአሥር ዓመታት በላይ የወተወቱ፣ በፍርድ ቤት ተሸንፈው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ድራማው ያደረገው ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መታየታቸውን በሳሎን ውስጥ፣ ከእናት ጋር ተቀምጦ የሚታይ ተራ ነገር አድርጎታል። ያ ትንሽ አይደለም፤ ግን ሕግ አይደለም። ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች በመታወቂያቸው ላይ ያለውን ጾታ የሚያስለውጡበት ሕግ በታይላንድ ዛሬም የለም፤ ለዚህ የሚያለቅስ ድራማም ብዙ አይደለም፤ ጥንድ አይወጣውማ።

የጥንዱ ዋጋ ግን አልቀነሰም። በ2025 ጂኤምኤምቲቪ ክሪስትንና ሲንግቶን እንደገና አጣመራቸው፤ «ዘ ኤክስ ሞርኒንግ» በተባለው ድራማ ተለያይተው በሥራ ቦታ የተገናኙ የቀድሞ ፍቅረኞችን ተጫወቱ። በ2016 ተማሪ የነበረችው አድናቂ አሁን ደመወዝተኛ ናት፤ ውዱን ትኬት መግዛት ትችላለች።

እንዲያውም ከ2022 ወዲህ የሆነው ነገር ያቺን የቆየች ማብራሪያ አደጋ ላይ ጥሏታል። በዚያ ዓመት «ጋፕ» የተባለው ድራማ ሁለት ሴቶችን፣ ፍሪንንና ቤኪን፣ ጥንድ አድርጎ አቀረበ። ተጋጥሞ የተጠራው ስም፣ የአድናቂዎች መድረክ፣ ሃሽታግ፣ ማስታወቂያ፣ ሁሉም እንዳለ ተከተለ። ሌሎች ድርጅቶችም ሴት ጥንዶችን ለማሰናዳት ተሽቀዳደሙ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት አሁንም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሴቶች የወንዶችን ፍቅር የሚወዱት ሴት ገጸ ባሕርይ ስለማትኖርበት ነው ይባል ነበር፤ እነዚህኛዎቹ ድራማዎች ግን ከሴት በቀር የሏቸውም፣ ትኬቱም ይሸጣል።